በኦውራ ማን ማንን አገኘ? ስለ ናጋሳኪ ስውራን ክርስቲያኖችና ስለ ቅዱሳት ሥዕላቶቻቸው

በጃፓን ደቡብ ምዕራብ፣ በናጋሳኪ ወደብ ዳርቻ ካለ ኮረብታ ላይ የቆመችው የኦውራ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንደኛው ዕድሜዋ ነው፤ በአገሪቱ እስከ ዛሬ ቆመው ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የቀደመችው እርሷ ናት። ሁለተኛው ማርች 17 ቀን 1865 በውስጧ የተፈጸመው ድርጊት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዕለት በአቅራቢያው ካለው የኡራካሚ መንደር የመጡ ዐሥራ አምስት ያህል ገበሬዎች ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ገቡ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት በጸሎት ላይ ወደነበሩት ፈረንሳዊ ካህን ወደ አባ በርናር ፕቲዣን ተጠግታ፣ የእርሷና የባልንጀሮቿ ልብ ከካህኑ ልብ ጋር አንድ መሆኑን በሹክሹክታ ገለጸችላቸው፤ ቀጥላም የሳንታ ማሪያ ምስል ወዴት እንዳለ ጠየቀቻቸው። ካህኑ ከፈረንሳይ ወደመጣው፣ ሕፃኑን ወደታቀፈው የእመቤታችን ሐውልት መርተው አሳዩአቸው። ክርስትና በጃፓን ምድር ከታገደ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። ያለ ካህን፣ ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ ያለ ቍርባን እምነታቸውን ለልጅ ልጅ ያስተላለፉ ሰዎች መኖራቸው ለውጭው ዓለም የታወቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ድርጊቱ በጃፓን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ «የምእመናን መገኘት» ይባላል፤ ሐውልቱም በዚሁ ስም ይጠራል። ስያሜው ግን ሳይመረመር የሚታለፍ አንድ ፍርድ በውስጡ ይዟል። አግኚው ካህን፣ ተገኚው ገበሬ ነው ይላል። አባ ፕቲዣን የጥንቶቹን ክርስቲያኖች ዘር ይፈልጉ እንደነበር እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ፈልገው አላገኟቸውም። በሞት የሚያስቀጣውን ሕግ ተላልፈው፣ በር አንኳክተው የመጡት የኡራካሚ ሰዎች ናቸው። መርማሪዎቹም እነርሱ ነበሩ። በመጀመሪያ ስለ እመቤታችን ምስል፣ በኋላም በሮም ስለሚገኘው ታላቅ አባትና ካህናቱ ሚስት ያላቸው ስለመሆን አለመሆኑ ጠይቀዋል። ከአባቶቻቸው የተቀበሉት መለያ ይህ ነበርና፣ ፈተናውን ያለፉት ካህኑ ናቸው ማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን በአንድ ቃል ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። «መገኘት» የሚለው አስተሳሰብ ስለ ናጋሳኪ ቅዱሳት ሥዕላት የሚጻፈውንም ሲመራ ኖሯል። ከፈረንሳይ የመጣው ሐውልት፣ የመስኮቱ ባለቀለም መስታወት፣ የጎቲኩ ቅስት «ቅዱስ ጥበብ» ተብለው በሥነ ጥበብ ታሪክ መዝገብ ሲሰፍሩ፣ ያቺ ሴትና ወገኖቿ እስከዚያች ቀን የጸለዩባቸው ምስሎች በአብዛኛው የሕዝብ ልማድ መዘክር፣ የእምነት ብርዘት ማስረጃ ወይም የጉብኚ ማስደነቂያ ተደርገው ተወስደዋል። ይህ አከፋፈል የሥዕሉን ቅድስና ከሠሪውና ከአሠራሩ እንጂ በፊቱ ከተደረገው ጸሎት አይፈልግም። የኦውራ ታሪክ ራሱ፣ ተረጋግቶ ለሚያነበው፣ የዚህን ተቃራኒ ይመሰክራል።

ስለ ሕንፃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጃፓን በ1858 ከምዕራባውያን መንግሥታት ጋር በተዋዋለችው ስምምነት መሠረት፣ በተከፈቱት ወደቦች የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በሰፈራቸው ውስጥ እምነታቸውን እንዲፈጽሙ ተፈቀደ። ለአገሬው ሰው ግን ክርስትና እንደተከለከለ ቀረ። የፓሪስ የውጭ ሚሲዮን ማኅበር ካህናት አባ ፉሬና አባ ፕቲዣን ቤተ ክርስቲያኒቱን የሠሩት በዚህ ጠባብ ፈቃድ ነው። ሥራው በ1864 መጨረሻ ተፈጸመ፤ በፌብሩዋሪ 1865 ተባርካ፣ በ1597 በዚያው ከተማ በኒሺዛካ ኮረብታ ለተሰቀሉት ሃያ ስድስት ሰማዕታት መታሰቢያ ሆነች። ከእነዚህ ሰማዕታት ሃያዎቹ ጃፓናውያን ነበሩ፤ የቅድስና ማዕርግ ያገኙትም ገና በ1862 ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፊት ወደ ተሰቀሉበት ኮረብታ እንዲያይ ተደርጎ ተሠራ። በፊቷም ላይ «የሰማይ ጌታ ቤት» የሚል ትርጉም ያላቸው ሦስት የቻይና ፊደላት ተጻፉ። የከተማው ሕዝብ ግን «የፈረንሳይ ቤተ ጣዖት» እንደማለት «የፈረንሳይ ቴራ» ይላት ነበር፤ ቴራ የቡድሃ እምነት ቤተ መቅደስ መጠሪያ ነው። ሕዝቡ አዲሱን ነገር ባለው ቃል ሲጠራው እንግድነቱንም ዘመድነቱንም በአንድ ጊዜ ተናገረ።

ግንባታውን የመራው ኮያማ ሂዴኖሺን የተባለ የአማኩሳ ተወላጅ ነበር። የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ከዛሬዪቱ ያነሰች ነበረች፤ ግድግዳዋ በጃፓን ጎተራዎች እንደሚታየው ጥቁር ንጣፍ ተለጥፎበት መጋጠሚያው በነጭ ኖራ የጎላ ነበር። በ1879 በተጠናቀቀው ማስፋፊያ ዛሬ የምትታየውን መልክ ያዘች። መጻሕፍት ሁሉ «ጎቲክ» ይሏታል፤ ጣሪያዋም በእርግጥ የጎቲክ ቅስት ነው። የቅስቱ ውስጥ ግን ድንጋይ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠላልፎ በኖራ የተለሰነ ነው። ይህ የጃፓን ግድግዳ ሠሪዎች የቆየ ሙያ ነው። በኦገስት 9 ቀን 1945 በከተማይቱ ላይ የተጣለው የአቶሚክ ቦምብ ጣሪያዋንና መስኮቶቿን ጎድቷል፤ ከፍንዳታው ማዕከል ራቅ ብላ በመቆሟ ግን ከመፍረስ ተርፋለች። እድሳቱ በ1952 ተጠናቀቀ፤ በ1953 ብሔራዊ ቅርስ ሆና እንደገና ተመዘገበች።

ወደ ምስሎቹ እንመለስ። ኢየሱሳውያን በ1549 ጃፓን ከገቡ በኋላ የሥዕል እጥረት ፈጥኖ አስጨነቃቸው፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ለአማኙ ብዛት አልበቃም። በ1583 የደረሰው ኢጣሊያዊው ሠዓሊ ጆቫኒ ኒኮሎ የሥዕል ትምህርት ቤት አቋቁሞ ጃፓናውያን ወጣቶችን በዘይት ቀለምና በመዳብ ቅርጽ አስተማረ። ስለዚህ ክርስቲያናዊ ሥዕል በጃፓን የውጭ ዕቃ ብቻ ሆኖ የቆየበት ዘመን እጅግ አጭር ነው። ከ1614ቱ አዋጅ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተበተነ፤ ሥዕላቱም ተቃጠሉ፣ ተቀበሩ፣ ተሸሸጉ።

አሳዳጆቹ የሥዕልን ኃይል ከማንም ይልቅ ተረድተውት ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። «ፉሚ ኤ» የተባለው ሥርዓት ማስረጃው ነው። የናጋሳኪ ነዋሪ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት መግቢያ በክርስቶስ ወይም በእመቤታችን ምስል ላይ በእግሩ እንዲቆም ይገደድ ነበር። ለዚህ ያገለገሉት የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ከምእመናን የተነጠቁ፣ በአውሮፓ የተሠሩ ትንንሽ የነሐስ ቅርጾች ነበሩ፤ በእንጨት ገበታ ላይ ተገጥመው ለመረገጫ ቀረቡ። እነዚህ አልበቃ ሲሉ በ1669 ሐጊዋራ ዩሳ የተባለ የናስ ሠራተኛ ሃያ አዳዲስ እንዲሠራ ታዘዘ። ዐሥሩ የእንጨትና ዐሥራ ዘጠኙ የናስ ገበታዎች ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ። የምስሎቹ ፊት ከእግር ብዛት ተፍቆ ለስልሷል።

እነዚህ ገበታዎች ለአከፋፈል ሊቃውንት አስቸጋሪ ናቸው። የእንጨቶቹ ለጸሎት ተሠርተው ለስድብ ዋሉ፤ የናሶቹ ለስድብ ተሠሩ፤ ነገር ግን የረገጣቸው ስውር ክርስቲያን ወደ ቤቱ ተመልሶ የንስሓ ጸሎት ይደግም ነበር። ሠሪው ዩሳ ክርስቲያን ነበር የሚል ማስረጃ የለም፤ የሠራው ግን የስቅለትና የእመቤታችን ምስል ነው፤ በፊቱ የተጨነቀው ሕሊናም የአማኝ ሕሊና ነው። ቅድስናን ከሠሪው ሐሳብ ብቻ የሚመነጭ ያደረገ ንድፈ ሐሳብ እዚህ ላይ የሚለው የለውም።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር «ማሪያ ካኖን» የሚባሉት ናቸው። ካኖን በቡድሃ እምነት የርኅራኄ አካል ናት፤ በቻይና ፉጂያን አውራጃ በደሁዋ ከተማ ፖርሲሊን ከሚባለው ነጭ ሸክላ ሕፃን ታቅፋ ትሠራ ነበር። የናጋሳኪ ስውራን ክርስቲያኖች ይህችን ምስል ከገበያ ገዝተው፣ ቤታቸው አስቀምጠው፣ ሳንታ ማሪያ ብለው ጸለዩባት። በ1856 የናጋሳኪ ሹማምንት በኡራካሚ ባደረጉት አሰሳ የነጠቋቸው እንዲህ ያሉ ምስሎች ዛሬ ከፉሚ ኤዎቹ ጋር በዚያው በቶኪዮው ሙዚየም አሉ። መቼም በኦውራ ጥያቄዋን ያቀረበችው ሴት ከዚሁ መንደር መሆኗ፣ አሰሳው የተካሄደውም ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ቀድሞ መሆኑ ቸል የሚባል አይደለም። በኦውራ ሐውልት ፊት ስትቆም የሕፃን እናት ምስል ለዓይኗ እንግዳ አልነበረም። ዐወቀችው የሚባለውም ስለዚህ ነው። የፈረንሳዩን ሐውልት ሳንታ ማሪያ ያሰኘው ዓይን፣ የቻይናውን ሸክላ እያየ ያደገ ዓይን ነው። ይህን ተቀብሎ ሐውልቱን ቅዱስ ጥበብ፣ ሸክላውን የብርዘት ምልክት ማለት አይቻልም።

የዕለቱ ሌላ ዝርዝርም ይህን ያጠናክራል። መንደርተኞቹ ለካህኑ በኀዘን ወራት ዐሥራ ሰባተኛ ቀን ላይ እንደሚገኙ ነግረዋቸዋል። በ1865 የምዕራቡ ፋሲካ ኤፕሪል 16 ቀን ዋለ፤ ዐቢይ ጾም የተጀመረውም ማርች 1 ቀን ነበር። ማርች 17 እንግዲህ በትክክል ዐሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። ካህን በሌለበት፣ የታተመ ቀመር በሌለበት፣ ከትውልድ ትውልድ በቃልና በእጅ ጽሑፍ ሲገለበጥ የኖረ የዘመን መቍጠሪያ ከሮም ጋር በአንድ ቀን ዋለ። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ የአገራችን አንባቢ የዚህን ክብደት ለመገመት አይቸገርም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የነበረውን ማኅበረሰብ ምስሉን በመምረጥ ረገድ ብቻ ግዴለሽና ግራ የተጋባ አድርጎ ማቅረብ ከማስረጃው ጋር አይሄድም።

ከዚያ በኋላ የመጣው በደስታው ትረካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። ምእመናኑ ራሳቸውን ገልጠው በቤተ መቅደስ ሥርዓት መቀበርን እንቢ ማለት ሲጀምሩ፣ በ1867 እስራቱ ጀመረ። በአዲሱ የሜጂ መንግሥት ዘመን 3,400 ገደማ የሚሆኑ የኡራካሚ ነዋሪዎች ከመንደራቸው ተነቅለው በምዕራብ ጃፓን ወደሚገኙ ግዛቶች ተጋዙ። እገዳው በ1873 ተነሥቶ እስኪመለሱ ድረስ ከ600 በላይ የሚሆኑት በግዞት ሞቱ። የኦውራ በር ለካህኑ ደስታን ሲከፍት ለእነርሱ የከፈተው ይህንን ነበር፤ «መገኘት» የሚለው ቃል ዋጋውን ማን እንደከፈለ አይናገርም።

ከግዞት የተመለሱት ቤተ ክርስቲያን የሠሩበት ቦታም የሚናገረው አለው። የገዙት የመንደሩ ሹም ቤት የነበረበትን፣ በየዓመቱ ምስል እየረገጡ የሚቈጠሩበትን ቦታ ነው። ግንባታው በ1895 ተጀምሮ በ1914 ተመረቀ። በ1945ቱ ፍንዳታ ቤተ ክርስቲያኑ ፈረሰ፤ ከመንበሩ ላይ ከነበረው የእመቤታችን የእንጨት ሐውልት ራሱ ብቻ፣ ዓይኖቹ ተቃጥለው፣ ከፍርስራሹ ተገኘ። የኡራካሚ ምእመናን ዛሬ በጸሎት ቤት አኑረው በፊቱ ይጸልያሉ። ሐውልቱ ከመቃጠሉ በፊት በሥነ ጥበብ መዝገብ ያን ያህል የሚያስጠቅሰው ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ግን በናጋሳኪ ከእርሱ ይልቅ ቅዱስ የሚባል ምስል ለማግኘት ይቸግራል። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም፤ ምስሉ የማኅበረሰቡን መከራ ተሸክሟልና። ለሸክላዎቹም ሆነ ለተሸሸጉት ሥዕሎች ይኸው መለኪያ ለምን እንደማይሠራ ግልጽ አይደለም።

ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው ስለ አገሬው ዓይን ያላሰቡ አልነበሩም። በ1868 የደረሱት አባ ማርክ ማሪ ደ ሮ፣ በኦውራ ቅጥር ውስጥ ዛሬም የሚታየውን የዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት በ1875 የሠሩ ብርቱ ሰው ናቸው። በዚያው ዘመን ገደማ ዐሥር ዓይነት ትላልቅ የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶችን ለትምህርተ ሃይማኖት አሳትመዋል። አምስቱ የቅዱሳን ናቸው፤ አምስቱ ስለ ሞትና ከሞት በኋላ ስላለው ፍርድ ያስተምራሉ። የመነሻው ሐሳብ በሻንጋይ ኢየሱሳውያን ከሠሯቸው ሥዕሎች የተወሰደ ነው፤ ቀራጮቹና ቀለም ቀቢዎቹ ግን ጃፓናውያን ናቸው፤ የደጉ ሰው ሞት የሚታየውም በጃፓን ቤት ውስጥ፣ በጃፓን ልብስ ነው። እነዚህ ኅትመቶች በሥነ ጥበብ ታሪክ ከሚገባቸው ያነሰ ቦታ አግኝተዋል። ሆኖም ልዩነቱ መታየት አለበት። ደ ሮ የአገሬውን ልብስ ለማስተማሪያነት ተዋሱ፤ ስውራኑ ክርስቲያኖች ግን የሚያስተምራቸው ሰው ሳይኖር በራሳቸው ልብስና መልክ ጸለዩ።

የዚህ ሁለተኛው መንገድ ምሥክር በኢኪጹኪ ደሴት ይገኛል። በዚያ የሚኖሩት ስውራን ክርስቲያኖች አብዛኞቹ እገዳው ከተነሣ በኋላም ወደ ካህናቱ አልመጡም፤ አባቶቻቸው ያቆዩላቸውን ሥርዓት እንደያዙ ቀሩ። ቅዱስ ሥዕላቸው በወረቀት ወይም በጨርቅ ተሥሎ የሚንጠለጠልና የሚጠቀለል ነው፤ ለዘመናት ሲቀመጥ የኖረው በቤቱ ውስጠኛ ጓዳ ስለሆነ «የጓዳ አማልክት» የሚል ስም በውጭ ሰዎች ዘንድ ወጥቶለታል። እመቤታችን ኪሞኖ ለብሳ ሕፃኑን ታቅፋለች፤ መጥምቁ ዮሐንስ ጸጕሩን እንደ ጃፓን ሰው አናቱ ላይ ቋጥሮ ቆሟል። ሥዕሉ ሲያረጅ እንደገና ይገለበጣል፤ ይህን ሥራ «ማጠብ» ይሉታል። አሮጌው አይጣልም፤ «ጡረተኛ» ተብሎ በክብር ይቀመጣል። ከላቲንና ከፖርቱጋል ቋንቋ የመጡ፣ «ኦራሾ» የሚባሉ ጸሎቶችም በፊቱ ይደገማሉ።

አንዳንድ አጥኚዎች ይህን ሰንሰለት ከቅጂ ወደ ቅጂ እየደበዘዘ የሄደ የአውሮፓ ሥዕል አድርገው ያነቡታል። የኢትዮጵያ ታሪክ እዚህ ላይ የሚጠቅም ንጽጽር አለው። በ1569 የኢየሱሳውያን አለቃ ፍራንቼስኮ ቦርጃ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለውን ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል ለማስገልበጥ ከፓፓው ፈቃድ አገኙ፤ ቅጂዎቹም ለሚሲዮን ወደተሰማሩባቸው አገሮች ተላኩ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያኑን አስወጡ፤ ሥዕሉ ግን አልወጣም። እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ፣ መጽሐፍ የያዘውን ልጇን በግራ ክንዷ የታቀፈችው እመቤት፣ ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ ቆመውላት፣ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ተብላ በጎንደር ዘመን የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዐቢይ ሥዕል ሆነች። ዛሬ ማንም ምእመን በፊቷ ሲሰግድ የሮም ቅጂ ናት ብሎ አያስብም፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎችም ምንጩን ሲያመለክቱ ውጤቱን ብርዘት አይሉትም፤ ኢትዮጵያዊ ሥዕል ይሉታል። ለጎንደር የተፈቀደው ለኢኪጹኪ የሚከለከልበት ምክንያት ካለ በግልጽ መቅረብ ይገባዋል።

በእርግጥ አንድ ምክንያት ይቀርባል፤ ቀላልም አይደለም። በኢትዮጵያ ሥዕሉን የተቀበለው ጳጳስ፣ ካህንና መጻሕፍት ያሉት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትርጉሙን የሚጠብቅ ሥርዓት ነበረው። በኢኪጹኪ ግን ካህን አልነበረም፤ የሥዕሉ ትርጉም ከትምህርቱ ሊርቅ ይችላል፤ በብዙ ቦታም ርቋል። የስውራኑ ክርስቲያኖች «የሰማይና የምድር መጀመሪያ» የተባለው ድርሳን እመቤታችንን ከሉዞን ንጉሥ የጋብቻ ጥያቄ በሰኔ ወር በረዶ አውርዳ እንድታመልጥ ያደርጋታል። የነገረ መለኮት ሊቅ ይህን ትምህርት ብሎ ሊቀበል አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። ነገር ግን በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ የምሥረታ ትውፊት በነሐሴ ስለወረደ በረዶ የሚተርክ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ በናጋሳኪው ተረት ውስጥ የጠፋ ትምህርት ሳይሆን የተሰደደ ትውፊት ያያል። የትምህርት ቀናነት የነገረ መለኮት ጥያቄ ነው። አንድ ምስል በአንድ ማኅበረሰብ ዘንድ ቅዱስ ሆኖ ማገልገሉ ደግሞ የታሪክ ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው መልስ መዝጋት የአጥኚ ሥራ አይደለም።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ ከራሱ ከጥናቱ መስክ ይመጣል። ማሪያ ካኖን ከሌላው ካኖን በመልኩ አይለይም። በጥንታዊ ዕቃ ገበያ «የስውራን ክርስቲያኖች» ተብሎ የሚሸጥ ሸክላ ሁሉ በክርስቲያን ቤት መኖሩን ምን ያረጋግጣል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱም ከመልክ ጥናት አይገኝም። የቶኪዮዎቹ ሸክላዎች ዋጋ ያላቸው ሹማምንቱ ከማን ቤት፣ በየትኛው አሰሳ እንደነጠቋቸው የሚያሳይ ታሪክ ስላላቸው ነው። ጸሐፊው አሳዳጅ፣ መዝገቡም የክስ መዝገብ ሆኖ ሳለ፣ ለቅድስናቸው ምሥክር የሆነው እርሱ ነው። ተቃውሞው እንግዲህ የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ አያፈርስም፤ ቅድስናው ከዕቃው ላይ ሳይሆን ከአኗኗሩ ታሪክ የሚነበብ መሆኑን በሌላ መንገድ ያስረዳል። የሚያስከትለው ግዴታ ግን አለ፤ የባለቤትነት ታሪኩ ያልታወቀ ሸክላ ምንም ያህል ልብ ቢነካ ለማስረጃነት መቅረብ የለበትም።

የቅርስ ምዝገባው ሂደት ወደዚህ አስተሳሰብ ግማሽ መንገድ መጥቷል። ጃፓን በመጀመሪያ ለዓለም ቅርስነት ያቀረበችው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ሕንፃዎች ላይ ያተኮረ ሰነድ ነበር። በ1964 ሳይሆን ገና በ2016 ያንን ሰነድ ስባ ትኩረቱን ወደ እገዳው ዘመን አዙራ እንደገና አዘጋጀችው፤ በ2018ም የናጋሳኪ አካባቢ ስውራን ክርስቲያኖች ሥፍራዎች ተብለው ዐሥራ ሁለት ቦታዎች ተመዘገቡ። ዐሥሩ መንደሮች ናቸው፤ ኦውራ የታሪኩ መዝጊያ ሆና ገብታለች። ለውጡ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ኢኪጹኪ ራሷ ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ አይደለችም፤ የደሴቲቱ ሰዎች የተቀደሰ ውኃ የሚቀዱባት ትንሿ ናካኤኖሺማ ስትመዘገብ፣ ውኃውን የሚቀዱት ሰዎች መኖሪያ ቀረች። የሰነዱ ትረካ በ1865 «መገኘት» በኩል ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በመመለስ የሚያበቃ ስለሆነ፣ ያልተመለሱት በዚያ ትረካ ውስጥ መግቢያ አጡ።

የቀሩት ማኅበራት ደግሞ ጊዜ የላቸውም። ሥርዓቱን የሚረከብ ወጣት በመታጣቱ ብዙዎቹ ተበትነዋል፤ ሥዕሎቻቸውም ወደ ሙዚየም ወይም ወደ አንድ ዘመድ ቤት እየገቡ ነው። በኦውራ በኩል የቀድሞው የዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤትና የጳጳሱ መኖሪያ ከ2018 ጀምሮ ሙዚየም ሆነዋል፤ ታሪካዊዋ ቤተ ክርስቲያንም በአብዛኛው የጎብኚ ስትሆን መደበኛው ቅዳሴ የሚደረገው በአቅራቢያዋ በተሠራችው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሐውልቱ ፊት ለሚያልፈው ጎብኚ ሊነገረው የሚገባው ማን እንደሠራውና ከየት እንደመጣ ብቻ አይደለም፤ ሴትዮዋ እርሱን ከማየቷ በፊት በቤቷ ምን ታይ እንደነበርም ነው። ይህን ለማድረግ የቶኪዮዎቹ ሸክላዎች ጥሩ ፎቶግራፍ በሐውልቱ አጠገብ መኖር ይበቃል። ለአጥኚዎች የሚቀረው ሥራ ግን ከዚህ ይሰፋል። የኢኪጹኪ ሥዕል ወደ መዝገብ ሲገባ ልኩና ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ጓዳ እንደወጣ፣ በየትኛው በዓል እንደሚሰቀል፣ የትኛው ኦራሾ እንደሚደገምበት፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበና ጡረተኞቹ ወዴት እንዳሉ አብሮ መጻፍ አለበት፤ ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ሳሉ።